ቀይ ላስቲክ ከክዳኑ ሥር

እኔን ብሎ የነዳጅ ነጋዴ! ፊደልን ከሩቅ ሰላም ብዬ ያለፍኩ ሴትዮ፣ ጀሪካን ላይ የተጻፈውን ቁጥር የማላነብ፣ ምድጃና ቤንዚን አንድ ጓሮ እንደማይቀመጡ እንኳን ጎረቤት ጮሆብኝ የተማርኩ፣ ተነስቼ የዓለም ነዳጅ ውስጥ ገባሁ። ምን አግብቶኝ? ሽንኩርት መሸጥ ማንን ገደለ? ካልሲ መሸጥ ምን አለው? የድሬ ልጅ ነኝ፣ የድሬ ሴት ልብስ ትነግዳለች፣ ሎሚ ትነግዳለች፣ እኔ ግን ቤንዚን አልኩ። ቤንዚኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቅናቴንም አብሬ ጫንኩት፣ ያውም ሁለቱን ባንድ ጀሪካን። አሁን እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሐምዲ ትጽፋለች። ‹‹የሚያሳፍረውን ዝለይው›› ስላት፣ ‹‹አዬዮ፣ እሱን ከዘለልኩማ ምን ይቀራል?›› ትለኛለች። አያቷን እንዲህ የምትደፍር ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔው ነኝ ያበላሸኋት።

ነገሩን የቀሰቀሰው የሰርግ ሂና ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፣ ሂና የምትቀባዋ ልጅ ጥቁሩ ሂና እንዲጠቁርላት ቤንዚን ጠብ አድርጋ ስታሸው፣ ያ ሽታ ከሽቶው ከምኑ ሁሉ በልጦ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሰው የእናቱ ቤት ሽታ ሲመጣበት ነው ዓይኑ እንባ የሚያቀርረው፣ እኔ በቤንዚን አቀረርኩ። ቀና ስል ደግሞ ከፊቴ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? ሹክሪ! ከዘራ ይዛለች፣ ጉልበቷ እንደኔው አልታዘዝ ብሏታል። ጥርሷ ግን ሙሉ ነው። ወላሂ ሙሉ ነው! የኔ የፊተኞቹ ከሄዱ ስንት ጊዜያቸው፣ የሷ ጥርሶች ረድፋቸውን ጠብቀው ይስቁብኛል። ‹‹ዘሃራ፣ አልሞትሽም እንዴ?›› አለችኝ በአማርኛ። ‹‹አንቺ ሳትቀድሚ የት ልሄድ?›› አልኳት። ተሳሳቅንና ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ሰው ቢያየን እህትማማቾች ናቸው ነው የሚለው። እኔ ግን ልቤ ጥርሷ ላይ ነው፣ ከጥርሷ ደግሞ ተንሸራትቶ ወደዚያ ወደ ድሮው ሄደ።

ያኔ ሀርጌሳ ገና ግድግዳዋን እያቆመች ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ እሱን የተማሩ ሰዎች ይንገሯችሁ። በየሰፈሩ ቆርቆሮ ሲመታ የሚውልበት፣ አሸዋና ውሃ የሚጭነው አህያ ከመኪናው የሚበዛበት፣ ለአንድ ሱሪ መግዣ ሽልንጉ በፌስታል ተጠቅጥቆ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ ነበር ብዬ ልለፈው። ባሌ ዩሱፍ፣ አላህ ይርሐመው፣ የጅጅጋ ሰው ነው። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፣ አንዱ በሯ ሰማያዊ፣ ሌላው ነጭ፤ ከሁለት የሞቱ መኪኖች ተገጣጥማ የተነሳች ናት። በሷ እየተመላለሰ ከወጃሌ፣ ከድንበሩ፣ ቤንዚን ያመጣልኛል። ያኔ ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ መንግሥት ዋጋውን ይዞት ቤንዚን ርካሽ ነው፤ ስለዚህ በጀሪካን በጀሪካን ወደዚህ ይሻገራል። እንዴት እንደሚሻገር አትጠይቁኝ። ጉምሩክ ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ለእስር ቤት የሚሆን ጉልበት የለኝም።

ቦታዬ ጋአን ሊባህ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ፊት ለፊት ነበረ። አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፣ እሷ ወንበሬ ናት፣ ዙፋኔም ናት። ከፊቴ ጀሪካኖቼ፣ ከጎኔ የመስታወት ጠርሙሶች፣ ጭኔ ላይ ማጥለያ ጨርቅ። ማጥለያው የድሮ ሽቲዬ ነው፣ ከድሬ ለብሼው የመጣሁት፣ ሮዝ አበባ ያለው፤ ሲያረጅብኝ አልጣልኩትም፣ ቀድጄ ቤንዚን አጠለልኩበት። ታክሲ ነጂዎቹ ‹‹በአበባ ነው የምታጠጪን›› ይሉኝ ነበር። ከልብስ ሰፊዎቹ ቤት ካሴት ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ኡድ የሚመታበት፣ ሴትየዋ የምታለቅስ የሚመስልበት ዘፈን። ያኔ ሶማልኛዬ ገና ስለነበረ ለማን እንደምታለቅስ አይገባኝም፣ ግን ገና ሲጀምር አብሬ እወዛወዛለሁ። በኋላ ቋንቋውን ስለምድ ስለ ጠፋ ግመል እንደሆነ ደረስኩበት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለግመል ስተክዝ ኖሬያለሁ።

እኔ በዚያ ከተማ የምታወቅበት አንድ ነገር መዳፌ ነው። ያኔ ቤንዚን ላይ ላምባ የሚቀላቅል ሌባ ሞልቷል፤ ላምባ ርካሽ ነው፣ ሞተር ግን ይገድላል። እኔ ጠብታ ቤንዚን መዳፌ ላይ አንጠባጥብና እፍ እለዋለሁ። ንጹህ ከሆነ ቀዝቅዞ ወዲያው ይጠፋል፣ ቆዳውን ነጭ አድርጎ ይሄዳል። ላምባ ካለበት ግን አይጠፋም፣ እንደ ቅባት ያሙለጨልጫል። ይሄን ያስተማረኝ የለም፣ ከእጄ ነው የተማርኩት። ነጂው ሁሉ ከየትም ይቅዳ ከየት፣ ሲጠራጠር ‹‹የዘሃራን መዳፍ አሳዩት›› ይላል። ስንት ሽማግሌ ሊያስታርቅ ያልቻለውን ጸብ እኔ እፍ ብዬ ጨርሼዋለሁ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም፣ ስሄድ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ነው የምሄደው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ሹክሪ መጣች። የዚሁ የሀርጌሳ ልጅ ናት፣ በስደት ጅጅጋ አድጋ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የተመለሰች፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጣል፣ እሱም አናደደኝ። ባሏ ሞቶባታል። ልጅ እግር፣ ቀጥ ያለች፣ ጥርሷን ነግሬያችኋለሁ። እሷም ቤንዚን ልትሸጥ ከመታጠፊያው ማዶ፣ ከኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድንጋይ ላይ እንዳይመስላችሁ፣ ወንበር ላይ! የሷ ቤንዚን ከወጃሌ አይደለም፣ ከበርበራ ነው፣ ከመርከብ። የኔው በኮረኮንች ሲንገላታ፣ ጥሻ ለጥሻ ሲደበቅ፣ አቧራ ጠጥቶ ይደርሳል፤ የሷ ከዐረብ አገር ባህር ላይ ተንሳፍፎ፣ እንደ ሙሽራ ታጅቦ ይመጣል። 31 ሜይ ሰፈር ጊቢ አላት፣ ውስጡ በርሜል በበርሜል ነው። እኔ ጎማ ቱቦ በአፌ ስቤ ነው የምቀዳው፣ ስንት ጊዜ ውጬዋለሁ፣ እስከ ማታ ስናገር የሚሸተው ቤንዚን ነው፤ እሷ ግን በእጅ የሚዞር ፓምፕ አላት፣ ኪርር ኪርር እያደረገች፣ ትንሿን ጣቷን አንስታ! ልብሷ ብን ያለ ዲራዕ፣ ከሥሩ ጉርጉራ የሚሉት የሚያንጸባርቅ የውስጥ ቀሚስ፣ አንድም ቀን እድፍ አይነካውም። ጀሪካን ስትዘጋ ሁላችንም እንዳይንጠባጠብ ከክዳኑ ሥር ጥቁር ፌስታል ቀደን እናደርጋለን። እሷ ቀይ ታደርጋለች፣ ወፍራም ቀይ ላስቲክ፣ በመቀስ ክብ አድርጋ የቆረጠችው። ሽንቁሯ እንኳን ያጌጠ ነበር።

ግን ያኔ ገና ቅናቴ የጨዋታ ነው፣ ምክንያቱም የኔ ይረክሳል፣ ሰው ወደኔ ይመጣል። ነገር የተገለበጠው በኋላ ነው። አንድ ሰሞን ማዶ ዋጋው ተነሳ፣ ፍተሻውም ጠበቀ አሉ። በርበራ ደግሞ መርከብ መርከብን ይገፋ ጀመር፣ የባህሩ ረከሰ። ትናንት ከወጃሌ ሞልቶ ወደዚህ ይመጣ የነበረውን ጀሪካን፣ ዛሬ ከዚህ ሞልቶ ወደ ወጃሌ ሲጫን በዓይኔ አየሁ። ወንዝ ወደ ኋላ ሲፈስ እንደማየት ነው! ከኔ ጋር ከወጃሌ እያስመጡ ይሸጡ የነበሩ ሴቶች አንድ በአንድ ተነሱ፣ አንዷ ሻንጣ ልትሸጥ ሄደች፣ አንዷ ወደ አገሯ ገባች። የኔ መታጠፊያ ግን አልደረቀም። ዩሱፍ እንደ ድሮው ያመጣል፣ ዋጋውም ከሹክሪ እኩል ነው። ‹‹ከወጃሌ እንዴት ቻልክ?›› ስለው ‹‹ሰው አለኝ›› ይለኛል። እኔም ድንጋዬ ላይ ሆኜ ማዶ ለተቀመጠችው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ‹‹ወንድ ማለት የኔ ባል!›› እላለሁ። ሹክሪ ፓምፗን ታዞራለች፣ ምንም አትልም። ምንም ያለማለቷ ነው የሚያቃጥለኝ።

አሁን ስሙኝ። ያኔ ከወጃሌ የመጣ ሰው ያስታውቃል፣ አቧራ ነው የሚመስለው። መንገዱ እንዳሁኑ አይደለም። ዩሱፍ ሲገባ ቅንድቡ ሸብቶ፣ ጆሮው ውስጥ ሽንብራ የሚያበቅል አፈር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ውሃ አፍስሼለት ሲታጠብ ሳፋው ጭቃ ይሆናል። አንድ ቀን ገባ፣ ቅንድቡ ጥቁር ነው። በሁለተኛውም ቀን ጥቁር ነው። በሦስተኛው ቀን ሸሚዙን ሳወልቅለት አንገትጌውን አሸተትኩት፤ ሄል። ሄል በደንብ የገባበት ሻሂ። የኔ ሻሂ ሄል የለበትም፣ ዩሱፍ አይወድም ብዬ። ‹‹መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?›› አልኩት። ‹‹አቧራ ነው፣ አይነሳ›› አለኝ፣ ያን የመሰለ ንጹህ ቅንድቡን እያሸ። እሳት በጀርባዬ ወጣ፣ ግን ፈገግ ብዬ ውሃውን አፈሰስኩለት። ሳፋው ውስጥ ውሃው እንደገባ ንጹህ ሆኖ ወጣ።

ጎረቤቴ ፋጡማ ወሎዬ ናት፣ ያኔም ዛሬም ግድግዳችን አንድ ነው። ትንሽ ሱቅ አላት፣ ለሸቀጧ ሁሉ ክዳን አላት፣ ለአፏ ብቻ ነው የሌላት። ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ መጣችና ገና በሩ ላይ ሆና፣ ‹‹የባልሽ መኪና ሹክሪ ጊቢ በር ላይ ቆማለች›› አለችኝ።

‹‹የዩሱፍ መሆኗን በምን አወቅሽ?››

‹‹አንድ በሯ ሰማያዊ፣ አንድ በሯ ነጭ መኪና በዚህ ከተማ ስንት አለ? በይ ሄደሽ ተኝተሽ ጠብቂ፣ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባ ድግሱ ላይ እንገናኛለን።››

ሹክሪን ላገባ ነው ብሎ ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሃይማኖታችንም አይከለክለውም። የደበቀኝ ነው ያንገበገበኝ። ልጆቼን ይዤ ድሬ ልግባ? ድንጋዬን ለማን ልስጥ? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እኔ ያላማርኩት ቤንዚን ስለምሸት ነው፣ ስለዚህ አምራለሁ። ዩሱፍ ማልዶ ጀሪካኖቹን ድንጋዬ ጋ አራግፎ እየቸኮለ ሄደ፣ እኔ ቤት ቀርቼ መቆነጃጀት ጀመርኩ። ሂና ተቀባሁ፣ ቀለሙ እንዲያበራ እጄን ከጣቴ እስከ ክርኔ በሰሊጥ ዘይት አሸሁት፣ ደግሜ አሸሁት። ለኢድ ያስቀመጥኩትን ዲራዕ ለበስኩ፣ ዓይኔን ተኳልኩ። እንዲህ ሆኜ ቤንዚን ልሸጥ ወጣሁ። ልብስ ሰፊዎቹ መርፌያቸውን አቁመው አዩኝ፤ አንዱ ‹‹ዘሃራ፣ ሙሽራው ማነው?›› አለ። ማዶ ሹክሪ እንኳን ፓምፗን አቆመች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም፤ ብዙም አልቆየ እንጂ።

አብዲ ረጅሙ የሚሉት ታክሲ ነጂ ነበር፣ መኪናው እየተንገጫገጨች መጣችና ፊቴ ቆመች። ‹‹ዘሃራ፣ መኪናዬ እየተንተባተበች ነው። ትናንት ከሹክሪ ነው የሞላሁት። እስቲ መዳፍሽ ይፍረድ›› አለኝ፣ የቀረችውን በጠርሙስ ይዞ። አላህ ይሄን ቀን ለኔ ብሎ አዘጋጀው አልኩ። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ጠብ አደረገልኝ፣ እፍ አልኩ። አልጠፋም። ደግሜ እፍ አልኩ። አንጸባረቀ፣ አሙለጨለጨ! ተነስቼ ቆምኩ። ‹‹ላምባ! ላምባ አለበት! ሰዎች፣ ኑ እዩልኝ፣ የመርከብ ቤንዚን ብላ ላምባ ነው የምታጠጣችሁ!›› የዚያን ቀን የጮህኩትን በርበራም ሰምቶት ይሆናል። ነጂው ተሰበሰበ፣ ልብስ ሰፊው ወጣ፣ ሻንጣ ሻጩ መጣ። ከሹክሪ ጋ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ጠርሙሱን እየያዘ ዞረ።

ሹክሪ ከወንበሯ ተነሳች። አልሮጠችም፣ እንደ ሁልጊዜዋ ቀስ ብላ መንገዱን ተሻገረች።

‹‹የኔ ላምባ ካለበት ያንቺም አለበት›› አለችኝ።

‹‹የኔ ከወጃሌ ነው! የኔን የባህር ውሃ አልነካውም!››

‹‹ወጃሌ?›› አለች። ወደ ጀሪካኖቼ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ የአንዱን ክዳን ፈታች። ከሥሩ ቀይ ላስቲክ ወጣ። ክብ፣ በመቀስ የተቆረጠ። ሁለተኛውን ፈታች፤ ቀይ። ሦስተኛውን። ዩሱፍ ሁልጊዜ ቤት ሳያደርስ ቀዩን አውጥቶ በጥቁር ፌስታል ይለውጠው ነበር፤ የዚያን ቀን ቸኩሎ አልለወጠውም፣ እኔም ስቆነጃጅ ክዳን አልከፈትኩ። ‹‹ይሄ የማን ነው?›› ብላ ላስቲኩን ከፍ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየች። ‹‹ባልሽ ከኔ ነው የሚቀዳው ዘሃራ። የወጃሌው ከደረቀ ቆየ። እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነው ዝም ያልኩት። ሌባ ስትይኝ ግን ዝም አልልም።››

አብዲ ረጅሙ ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ከዚያችው ጠርሙስ በራሱ መዳፍ ላይ አንጠባጠበና እፍ አለ። ብን ብሎ ጠፋ፣ ቆዳውን ነጭ አደረገው። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ‹‹ዘሃራ፣ መዳፍሽ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል›› አለ። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ! ልብስ ሰፊዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስሜ ዘሃራ ቅባቷ ሆነ፤ ይሄን የማያውቅ ነጂ ካለ አዲስ ነጂ ነው። የአብዲ መኪና የተንተባተበችው ለካ ካንዴላዋ ቆሽሾ ነው፣ እሷም አጋለጠችኝ።

ዩሱፍ ማምሻውን መጣ፣ ሰምቷል። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

‹‹ለምን አልነገርከኝም?›› አልኩት።

‹‹ምን ልበልሽ? የወጃሌው ቆመ፣ ድንጋይሽን ልቀቂ ልበልሽ? እዚያ ላይ ስትቀመጪ የከተማው ከንቲባ ነው የምትመስይው። ካዘንሽ ደግሞ አትበይም።››

እዚህ ላይ ልቤ ቅቤ ሆነ፣ አልዋሽም። ግን ልቤ ቢቀልጥም አፌ አልቀለጠም። ‹‹ሻሂውስ?›› አልኩት።

‹‹የቱ ሻሂ?››

‹‹ሄል ያለበት ሻሂ።››

‹‹ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ሻሂ ነው እኮ ዘሃራ።››

‹‹ስንት ብርጭቆ?››

‹‹አቦ አንቺ ሴትዮ! ሻሂ ይቆጠራል?›› ብሎ ገባና ተኛ። ስንት ብርጭቆ እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ። ከዚያ ጸብ በማግሥቱ ሹክሪን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሌባ ባልኳት በዚያው መታጠፊያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤንዚኑን ከሷ የምቀዳው ራሴ ሆንኩ፤ አህያ ተከራይቼ 31 ሜይ ድረስ ሄጄ። መሃል ያለውን ሰውዬ አስወጣሁት፣ ነጋዴ እንዲህ ነው። ቀይ ላስቲኩንም አልለወጥኩም፣ እንዳለ ሸጥኩት። ለዩሱፍም ሄል ያለው ሻሂ አፈላሁለት፤ ጠጣና ‹‹ሄል አልወድም ብዬሽ የለ?›› አለኝ። ለኔ ሲሆን አይወድም!

ዛሬ ያ መታጠፊያ ማደያ ሆኗል፣ መብራት ያለው፣ ሰው በስልኩ ከፍሎ የሚሄድበት። ድንጋዬ አስፋልቱ ሥር ትሁን ወይ ግድግዳ ውስጥ ትግባ አላውቅም። ሐምዲ ደግሞ አያቷ በአፏ ስትስበው የኖረችውን ቤንዚን በኮምፒውተር የሚያስመጡ ሰዎች ኦፊስ ትሠራለች። የሚሽከረከር ወንበር አላት፤ ቀንቼባታለሁ፣ ይጻፍ። አንድ ቀን ‹‹አዬዮ፣ ድፍድፉ መንገድ ቀየረ›› አለችኝ። ድፍድፍ ስትል የጠላው መስሎኝ አስተግፊሩላህ አልኩ። ከመሬት እንደወጣ ያልተጣራው ነዳጅ ነው አለችኝ። ‹‹ድሮ ከሩሲያ ይገዙ የነበሩት ተጣልተው ትተዋታል። አሁን ህንድና ቻይና ከሷ ይገዛሉ። ህንድ ታጣራውና መልሳ ትሸጠዋለች፤ ከሚገዙት ውስጥ ሩሲያን የተጣሉትም አሉ። ደግሞ መሃል ባህር ላይ አንዱ መርከብ ለሌላው የሚያቀብለው አለ፣ ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ።›› ወገቤን ይዤ ሳቅኩ። ‹‹ይሄማ ዩሱፍ ነው!›› አልኳት። ‹‹የሹክሪን ቀድቶ፣ ላስቲኩን ለውጦ፣ ከወጃሌ ነው ያለኝ አያትሽ ነው እኮ!›› ያን ሁሉ ትምህርት ተምረው፣ ያን የሚያህል መርከብ ሠርተው፣ አንዲት ፒክአፕ የሠራችውን ነው የሠሩት። የመርከቦቹን ቅንድብ የሚያይ ሰው ይቅጠሩ አልኳት፤ አቧራ ከሌለው ከዚያ አይደለም የመጣው። ቀይ ባህር ሰላም አጥቶ መርከቦቹ አፍሪካን ዞረው ሲሄዱ እንኳን፣ ሐምዲ ‹‹መርከባችን ዘገየች›› ብላ ስትጨነቅ፣ እኔ የማስበው ሌላ ነው፤ እሷም ሰው ቤት ሻሂ እየጠጣች ይሆናል።

እንግዲህ ሰርጉ ላይ፣ ያ የሂና ቤንዚን እየሸተተኝ፣ ሹክሪ ጎኔ ተቀምጣ፣ ሐልዋ ስንቀማመስ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ነገር አወጣሁት። ‹‹ሹክሪ፣ እንግዲህ አርጅተናል። እሱም አፈር ውስጥ ነው፣ አላህ ይርሐመው። እውነቱን ንገሪኝ። ያ ሻሂ ሻሂ ብቻ ነበር?›› አልኳት።

ሐልዋዋን አስቀመጠች። ብዙ አላሰበችም፣ ስትጠብቀኝ የኖረች ነው የምትመስለው። ‹‹አንድ ቀን ላግባሽ ብሎኝ ነበር›› አለች።

ሙዚቃው ይጮሃል፣ ልጆቹ እልል ይላሉ፣ እኔ ጆሮዬ ውስጥ የሚሰማኝ ግን ያ ፓምፕ ነው፣ ኪርር ኪርር። ‹‹ከዚያስ?›› አልኳት።

‹‹ዘሃራ ታውቃለች ወይ አልኩት። አታውቅም አለኝ፤ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለኝ። እኔ ላስቲኬን ለውጠህ ቤትህ የምታስገባኝ ጀሪካን አይደለሁም አልኩት። ከዚያ ወዲያ ቤንዚኑን እንጂ ሻሂውን አላየውም። አንቺ ላምባ ብለሽ የጮህሽብኝ ከዚያ በሳምንቱ ነው›› አለችና በዚያ ሙሉ ጥርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? ባሉኝ ጥርሶች ሳቅኩ። ሙሽራዋን ሳምን፣ ከዘራዋን አቀበልኳት፣ እስከ በሩ ሸኘኋት።

ቤቴ ስገባ ግን ጉበቴ ይንጨረጨር ጀመር። ለሞተ ሰው ይቀናል? ይቀናል! ያውም ትኩስ፣ ዛሬ እንደተቀዳ። ‹‹ድንጋይሽ ላይ ከንቲባ ትመስያለሽ›› ያለኝ አፍ፣ ሳምንት ቀደም ብሎ ማዶ ሄዶ ላግባሽ ብሏል። ያቺ ቃል እኮ የኔ ነበረች፣ ስንት ዘመን ለብቻዬ ሳወጣት ሳስገባት የኖርኩ። አሁን ደግሞ ልጠይቀው ብል የት አገኘዋለሁ? ከሰርጉ የያዝኩትን ሐልዋ ሳልቀምሰው አስቀመጥኩትና፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይዘንልኝ ብዬ፣ ግድግዳውን ዞሬ ፋጡማ ሱቅ ሄድኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳት፤ ላግባሽ ማለቱን፣ ጀሪካን አይደለሁም ማለቷን፣ ጥርሷን። እንደ ጨረስኩ ‹‹አየሽልኝ?›› አልኳት።

ፋጡማ ስኳር እየመዘነች ነበር፣ ቀና እንኳን አላለች።

‹‹አየሁ። ትዳርሽን የጠበቀችልሽ እሷ ናት፣ ዩሱፍ አይደለም። አሁን ስኳር ትወስጃለሽ ወይስ ለገዢ መንገድ ትለቂያለሽ?››